ሽንኩርቱ ሳይገባ

ጥር ላይ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ሄጄ ሦስት ሳምንት ከእናቴ ጋር ከርሜ ተመለስኩ። ስንት የሚወራ ደስታ እያለ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣችው ወንድሜ ስለ ውሻችን ስለ ደፋር የተናገራት አንዲት ቃል ናት። «አርጅቷል እኮ እታለሜ፣ ከእንግዲህ ምን ሊሠራ ይበላል?» አለኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ትመጣብኛለች፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ትመጣብኛለች፣ ማታ ጋደም ስል ትመጣብኛለች።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። እናቴን የሚያስታምማት፣ ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን የሚያመላልስላት እሱ ነው። ቃሏም የእሱ ብቻ አይደለችም። ከሐይቅ እስከ ደሴ ሰኞ ገበያ ብትጠይቁ የሚመለስላችሁ ይኸው ነው። የከነከነኝም ለዚሁ ነው።

ደፋር 12 ዓመት ሆኖታል። አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጥርሱም አልቋል። የገባሁ ዕለት ዶሮ ተሠርቶልኝ ነበር። ተበልቶ ሲያበቃ በወጥ የራሰው እንጀራና አጥንቱ አንድ ላይ ተጠርጎ ደጅ ያለችው ለሁለት የተቆረጠች ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ተገለበጠለት። ቆሜ አየሁት። አሸተተ። ወጡን በምላሱ ጫፍ ነካና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቅልጥሟን አነሳ፤ በቀኝ መንጋጋው ሞከራት፣ በግራው ሞከራት፣ ጣላትና ቀና ብሎ አየኝ። «ጠግቦ ነው» አሉ ከቤት። ኸረ የት ጠግቦ! የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል።

በ2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲጠጋ እናቴና ወንድሜ የለበሱትን ለብሰው ደብረ ብርሃን ገቡ። ሰው ሰውን መጫን ባቃተበት ጊዜ ውሻ የሚጭን አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ በሩ ተገንጥሏል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ደፋር ግን ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ያን ሁሉ ቀን ምን ቀምሶ እንደቆየ የሚያውቅ የለም። «ምን ሊሠራ ይበላል?» የተባለው እንግዲህ ለዚህ ውሻ ነው።

አሁን የምሠራበትን ቤት ልንገራችሁ። ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የ84 ዓመት እናት እረዳለሁ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። 13 ዓመት የሞላው፣ 30 ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር ውሻ አላቸው። ደረቁን የፋብሪካ ምግብ ማላመጥ ስላቃተው በቤት እንዲሠራለት ታዟል። የእንስሳት ሐኪሟ ግራም በግራም የጻፈችው ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። የተቀቀለ የዶሮ ደረት 250 ግራም፣ የተቀቀለ ሩዝ 300፣ ዱባ 100፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከላዩ የሚነሰነስ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት። ይህ የቀኑ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ይሰጠዋል። ጨው የለው፣ ቅመም የለው፣ ሽንኩርት የለው።

መጀመሪያ ቀን ያንን ደረት ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ እጄ ከበደኝ። እናቴ በ77 ባቲ መጠለያ እህል ለመቀበል የተሰለፈች ሴት ናት። የእሷ ልጅ ሆኜ ለውሻ ሥጋ ስመዝን የተሰማኝን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል፣ አላብራራም። የፈረንጅ ቅብጠት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅብጠት አለመሆኑን የተረዳሁት ሐኪሟ ዘንድ ይዤው በሄድኩ ቀን ነው። ያረጀ ውሻ ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ኩላሊቱ ካልታመመ በቀር ሥጋ አይቀነስበትም አለችኝ። ኩላሊቱ ከታመመ ደግሞ የሚቀነሰው በተለይ ፎስፈረሱ ነው። ሥጋ ፎስፈረስ ይበዛዋል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሥጋና ሩዝ ብቻ እየቀቀሉ ለወራት መስጠት አጥንቱን መጨረስ ነው። ዱቄቱ የሚነሰነሰው ለዚህ ነበር። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በቤት የሚሠራ የውሻ ምግብ 200 አዘገጃጀት መርምረው ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር እንደጎደለው አግኝተዋል። በፍቅር የተሠራ ሁሉ አይበቃም ማለት ነው። ምግቡ ለብ ብሎ እንዲቀርብለት ያዘዘችውም ሲያረጅ ማሽተቱ ስለሚደክም ነው፤ ሽታው ካልደረሰው አይበላም። እትዬ እሱን ሲያደርጉ እናቴን ነው የሚያስታውሱኝ፤ ለሕፃን አጥሚት እንደሚደረገው በእጃቸው ጀርባ ነክተው ሙቀቱን ያዩለታል።

እዚህ ላይ የራሴንም ብሶት ልናገር፣ ካነሳሁት አይቀር። የቀጠረኝ ድርጅት የውሻው ምግብ የወሰደውን ሰዓት አይከፍልም። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የእሳቸው ምግብ፣ የእሳቸው ገላ፣ የእሳቸው መድኃኒት ነው። በቀን ወደ 40 ደቂቃ ይሆናል፤ አምስት ወር ሙሉ ከኪሴ ሰጥቻለሁ። ስጠይቅ «አትሥሪው» ተባልኩ። ውሻው ካልበላ እሳቸውም አይበሉም! ሳህናቸውን ገፍተው እሱን እያዩ ይቀመጣሉ። ይህንን ስልክ ላይ ላለችው ልጅ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ ወረቀት አነበበችልኝ። ውሻ እንደ ልጅ በሚታይበት አገር የሚያበላው ሰው ሰዓት አለመቆጠሩ አሁንም ያንገበግበኛል።

የአገሬ ልጆችም አላሳረፉኝም። እሁድ ቡና ላይ ሳወራ አንዷ «እናታቸውን የሚጠይቅ ልጅ የለ፣ ውሻውን ይንከባከባሉ» አለች። እውነቷን ነው፤ የእትዬ ልጆች በዓመት አንዴ ቢመጡ ነው። እኛ እናት አንጥልም፤ በዚህ እኮራለሁ። ግን ይህ ለደፋር ምን መልስ ይሆናል? ፈረንጅ እናቱን ስለተወ እኛ ቤት የጠበቀንን እንስሳ በርበሬ እንድንገለብጥበት ተፈቀደልን?

በርበሬውስ ያቃጥለዋል፣ ያልፋል። ክፉው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ጉዳት ይታያል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከ300 እስከ 600 ግራም ማለት ነው። የእኛን ቁሌት አስቡት፤ ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ነው የምንከትፈው? ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የጠቆረ ውሻ አይታችሁ «ምች ነው» ብላችሁ ይሆናል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። እኛ ደግሞ ለውሻ መልካም የምናደርግ የሚመስለን ወጡንና አጥንቱን ስንሰጠው ነው። ክፋት የለበትም። ያላወቅነው ነገር ነው።

ወደ ሐይቅ ልመለስ፤ ዶሮው በተበላ ማግስት ማጀት ገባሁ። ለምሳ ሥጋ ተጥዷል፣ ሽንኩርቱ ገና ለብቻው ይቁላላል። ከሥጋው ሦስት ጉርሻ የምታህል አወጣሁ፣ ከመረቁ አንድ ጭልፋ፣ ጨው ሳይነካው። ዱባ ነበረ፤ ቆርጬ ቀቀልኩ። ሩዝ ጨመርኩና በማንኪያ ጀርባ ፈጨሁት። የእንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሙቀጫ ውስጥ እንደ ዱቄት እስኪሆን ወቀጥኩ፤ አንድ የሻይ ማንኪያው 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። የሚሞላው ካልሲየሙን ብቻ ነው፣ የዚያኛውን አገር ዱቄት አይተካም። ከምንም ግን ይሻላል።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያችን ቃል የተናገረው ያኔ ነው። እኔ ልመልስለት ስል እናቴ ቀደመችኝ። «በሰባ ሰባት መጀመሪያ የጠፋው የውሻ ድምፅ ነው» አለች። «ሌሊቱ ጭር ሲል ነው እንዳለቅን ያወቅነው።» ከዚያ ወደ ድስቱ ዞረችና «እና ሽንኩርቱ ሳይገባ ማውጣት ነው እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም?» አለችኝ። የለውም እማ። እሱን ብቻ።

ደፋር ሲበላ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው፣ እያረፈ። ጀሪካኗን በአፍንጫው እየገፋ ግቢውን ዞረ፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ እስክትነጣ ላሳት።

ጎረቤታችን አባባ በእስልምናቸው ጠንካራ ናቸው፤ ውሻ ልብሳቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቡና ላይ የጉድጓዱን ታሪክ አመጡ። ውሻ በጥም ጭቃ ሲልስ አይቶ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው አላህ ማረው አሉ። ቀጥለውም «ሁዳዴ ሲገባ የእናንተ ቤት ሥጋ የለም፤ ከእኛ ቤት ሳይቀመም ይወጣለታል» አሉ። 55 ቀን ሙሉ ውሻውም አብሮን ሽሮ እንደሚጾም እኔ መች አስቤው አውቃለሁ?

አንድ ነገር ግን እሳቸውንም እናቴንም ለምኛለሁ፣ እናንተንም እለምናለሁ። ለአረፋም ለፋሲካም በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲገኝ «ለውሻ ጣለው» እንላለን። አይጣል! ያ ውኃ የቋጠረው እባጭ የትል ቤት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይደርሳል፣ ሰው ጉበት ላይም ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ይቀበር ወይም ይቃጠል። ደህናውን ጉበትም ቢሆን ቀቅሎ፣ ጥቂት ብቻ።

ከመመለሴ በፊት ወንድሜን የእብድ ውሻ ክትባት እንዲያስከትበው አደራ አልኩት። «እሺ» አለ፣ እሺታው አላሳመነኝም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ደወለልኝ። ባጃጁ ውሻ አልጭንም ስላለው በእግር ይዞት ሄዷል። ደፋር መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተኝቶበታል፤ እሱም አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠብቆታል። «ዳገቱን ስንመለስ እምቢ አለኝ፣ ተሸክሜው ወጣሁ» አለኝ። «ቀሎኛል እታለሜ። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።» ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።