ከደብሩ ደን ውስጥ ከብት ለምታስገቡ ወገኖች

ወገኖቼ፣ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል ፎቶ እንነሳለን፤ አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያቆዩልንን ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ሎል ግን ዓመቱን ሙሉ የከብት መዋያ አድርገነዋል። ይህ ነውር ነው።

በደቡብ ጎንደር ከተፈጥሮ ደኑ የተረፈው አብዛኛው በእነዚህ ዐጸዶች ውስጥ ነው። ቀትር ላይ እረኛው ለጥላ ብሎ መንጋውን ይነዳበታል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ለቅዳሴ የመጣው በቅሎውን ከለጋ ግንድ ላይ ያስራል። ደኑ ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ላየው ግን ከጉልበት በታች ባዶ ነው፤ አሮጌ ዛፍ እንጂ ተተኪ የለውም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ደኖች የታጠረውን ካልታጠረው አነጻጽረው፣ ግጦሽ የዘርን መብቀልና የችግኝን መትረፍ ክፉኛ እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በአፈሩ ላይ የሚደርሰው ነው። ሰኮና ደጋግሞ የረገጠው አፈር ይጠቀጠቃል፣ ውሃና አየር የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ፤ ስለዚህ ሊሰርግ የሚገባው ዝናብ ላይ ላዩን ይፈስና ብስባሹን ጠራርጎ ወደ ወንዝ ይወስዳል። ዛፍ አየር ላይ ሲበዛ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ይስባል፤ የሳበውን ሁሉ ግን በግንዱ አያስቀምጥም፤ የረገፈው ቅጠልና የሞተው ሥር ሲበሰብስ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ይቆያል። የዓለም አፈር የያዘው ካርቦን በዕፅዋትና በከባቢ አየር ካለው ድምር ይበልጣል። ላሟ ቅጠሉን ብትበላም እበቷን ትጥላለች ትሉኝ ይሆናል፤ እበቱንማ ለኩበት ትለቅሙታላችሁ!

በትግራይ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተጠብቀው ከ5 እስከ 20 ዓመት የቆዩ ቦታዎች አጠገባቸው ካለው ልቅ ግጦሽ ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአፈራቸውም በዕፅዋታቸውም ልቆ የተገኘ ካርቦን አከማችተዋል። በወላይታ ሁምቦ 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ሲጠበቅ፣ መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ ራሱ አቆጥቁጦ ደን ሆኗል፤ የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሳበው ካርቦን ከሚከፈለው፣ ገንዘብ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ አፈር የሚያገግመው በዝግታ ነው፤ ዓመታት ተከልሎ የቆየውን በአንድ በጋ መልቀቅ ያንን ሁሉ ድካም ሜዳ ላይ ይጥለዋል።

«ታዲያ ከብቱን የት እናሰማራ?» የሚለው ጥያቄ እውነት አለው፤ የወል መሬቱ ጠብቧል። መልሱ ግን ዐጸዱን መጨረስ አይደለም። በተከለለው ቦታ ያደገውን ሣር አጭዳችሁ ቤት አብሉ፤ ወተት የማይሰጥ፣ እርሻ የማይጎትት ከብት በቁጥሩ ብቻ ለክብር አታቆዩ።

አንዳንድ ደብሮች ገበሬው ከማሳው በለቀመው ድንጋይ ካብ ክበው ደናቸውን አጥረዋል፤ ማሳውም በዚያው ጸድቷል። እናንተም ካቡን ስትክቡ በሩን ጥጃ እንዳያሾልክ አጥብቡት፣ የበቅሎ ማሰሪያውንም ከካቡ ውጪ አድርጉት። ሰበካ ጉባኤውና የመንደሩ ሽማግሌዎች ቅጣቱን በደንብ ይጻፉት፤ ከብቱ የገባበት ሰው የቄሱ ዘመድ ቢሆንም ይክፈል።