ፈልጌ አጣሁ

የእህቴ ልጅ በክረምቱ ዕረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ሲመጣ፣ ከልብሱ ይልቅ የተጠነቀቀለትን፣ እያንዳንዱ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ቁልል ካርታ ይዞ መጣ። ጆከሩ የታለ ብዬ ባገላብጠው ዘንዶና ጠንቋይ እንጂ ጆከር የለውም። ጨዋታው «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» እንደሚባል፣ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር እንደፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ እንደ ቀረበ ነገረኝ። ተጫዋቹ ቢያንስ 60 ካርታ ራሱ መርጦ ያዘጋጃል፤ በውዞ 7 ይስባል፤ የቀረውን ፊቱን ደፍቶ ያስቀምጣል። ላስቲኩም አንዱ ካርታ በጀርባው ከሌላው እንዳይለይ ነው።

ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው በቆሙበት፣ ሕጉን ያስረዳኝ ጀመር። በእጅ የተያዘው ካርታ ምሥጢር ነው፤ ብዛቱ ግን ምሥጢር አይደለምና ስንት እንደያዝክ ስትጠየቅ እውነቱን ትናገራለህ። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የጎረቤቴን ደመወዝና በሰርጉ ዕለት ያለቀበትን ጠጅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስንት ልጆች እንዳሉት ሲጠየቅ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ከተበወዘ በኋላ ተቃራኒው ካርታውን እንዲቆርጥ ይፈቀድለታል ሲለኝ ደግሞ ዕቁባችን ታወሰኝ፤ ዕጣውን የሚያወጣው ምንም የማያውቅ ሕፃን ነው እያልን እንመካለን፣ ሕፃኑ የጸሐፊው ልጅ መሆኑን ግን አናነሣም።

እጅግ የገረመኝ መቃብር የሚሉት ቁልል ነው። ተጥሎ ወይም ሞቶ የወጣ ካርታ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ እዚያ ይደረደራል፤ ማንም አንሥቶ ሊያየው ይችላል፣ እንደ ደንቡ ግን ቅደም ተከተሉን መለወጥ አይቻልም። ባለፈው ወር ለሽምግልና የተቀመጥንባቸው ባልና ሚስት ይህን ሕግ ቢያውቁ ኖሮ ምንኛ በተገላገልን! ሁለቱም የሚቆጥሩት እነዚያኑ ስድስት ጥፋቶች ነው፤ ነገር ግን ባልየው ከሚስቱ ኩርፊያ ተነሥቶ በእናቱ መምጣት ሲጨርስ፣ ሚስትየዋ ከአማቷ መምጣት ተነሥታ በኩርፊያዋ ትጨርሳለች፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይህንኑ ሙት ካርታ ስንደረድርና ስናፈርስ እኩለ ሌሊት ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህን ደግሞ ስማ» አለኝ የእህቴ ልጅ። አንድ ተጫዋች ከተደፋው ቁልሉ ውስጥ የተወሰነ ዓይነት ካርታ እንዲፈልግ ሲፈቀድለት፣ ካርታው እያለም «አላገኘሁም» ማለት ይችላል። ውሸቱን ለማጋለጥ ቁልሉን በሙሉ መግለጥ ያስፈልጋልና ሕጉ አያስገድደውም። ዓይነቱ ሳይጠቀስ «አንድ ካርታ ፈልግ» ከተባለ ግን፣ ካርታ እስካለው ድረስ አላገኘሁም ማለት አይችልም።

ጋርፊልድ ሐዋሳን ረግጦ እንደሆነ አላውቅም፤ ጎረቤቴን ግን በሚገባ የሚያውቀው መሰለኝ። ይህ ሰው 2,000 ብር አበድረኝ ባልኩት ቁጥር የኮቱን ኪስ፣ የሸሚዙን ኪስ፣ ቀጥሎም የሱሪውን የኋላ ኪስ በተራ እየዳበሰ «አይ ወንድሜ፣ ፈልጌ አጣሁ» ይለኛል፤ ቦርሳውን ገልብጬ ማየት ነውር ስለሆነ ዝም ብዬ እመለሳለሁ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ኖሯል፤ መጠኑን ባልጠቅስለት ኖሮ መውጫ አይኖረውም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የእህቴን ልጅ አስከትዬ በሩን አንኳኳሁ። «ወንድሜ፣ ዛሬ መጠን አልጠራም፤ ከቦርሳህ አንዲት ብር፣ የፈለግካትን መርጠህ ስጠኝ» አልኩት። ኪሱን ሳይዳብስ ቦርሳውን አወጣ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብሮቹን አንድ በአንድ ካገላበጠ በኋላ፣ ጥጓ የተቀደደች የ10 ብር ኖት በሁለት እጁ አክብሮ ሰጠኝ።

የእህቴ ልጅ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ሕጉን ጠብቋል» አለኝ።