የዋይፋዩ ሌላኛው ፓስወርድ

ባለፈው እሁድ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አክስቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። ቡናው ሰበብ ነበር። ዋናው ጉዳይ "ኢንተርኔቱ ታሟል፤ ና እስቲ እየው" ነው። ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ራውተሩ፣ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። አቧራ እንዳይነካው አክስቴ ዳንቴል አልብሰውታል። ዳንቴሉን አንስቼ ስይዘው እንደ ምጣድ ግሏል። ገለበጥኩትና ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። ዩዘርኔም፦ አድሚን። ፓስወርድ፦ አድሚን።

ስልኬን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝቼ ብሮውዘር ላይ የራውተሩን ማስተዳደሪያ ገጽ አድራሻ፣ 192.168.1.1 ብዬ ጻፍኩ። አድሚን፣ አድሚን። ወለል ብሎ ተከፈተ።

"እትዬ፣ ፓስወርዱን ቀይረውት ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"እንዴታ! የልጅቷን ስልክ ቁጥር አድርገነው የለ እንዴ።"

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ የሚሉት የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚነገረውን። ሌላኛውን፣ የራውተሩን የራሱን ፓስወርድ፣ መኖሩንም የነገራቸው ሰው የለም። የመጀመሪያው ፓስወርድ ሰውን ወደ ቤት ያስገባል። ሁለተኛው ግን ቁልፉን ራሱን ይቀይራል። እሱን የያዘ ሰው የዋይፋዩን ፓስወርድ ያያል፣ ባለቤቷን ከገዛ ኢንተርኔቷ ያስወጣል፣ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሚከፍተውን ሁሉ ወደፈለገው ገጽ ይመራል።

አክስቴ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። ስልክ በተከፈተ ቁጥር የውርርድ ገጽ ብቅ እያለ አስቸግሯቸዋል። ገብቼ ሳይ ዲኤንኤስ የሚባለው ቦታ ላይ የቤቱ ሰው ያላስገባው ቁጥር ተሞልቷል። ዲኤንኤስ ማለት የኢንተርኔት የስልክ ማውጫ በሉት። "የባንኬን ገጽ አምጣልኝ" ስትሉ ቁጥሩን ፈልጎ የሚሰጠው እሱ ነው። ማውጫው ከተቀየረ ስሙን በትክክል ጽፋችሁም ሌላ ቤት ልትገቡ ትችላላችሁ። የባንክ አፖች የሚልኩትን ቆልፈው ስለሚልኩ በዚህ ብቻ ገንዘብ አይዘረፍም። ግን አስመስለው በሠሩት ገጽ ላይ የይለፍ ቁጥሩን ራሳችን ጽፈን ከሰጠን ምን መቆለፊያ ያድነናል?

ይህን የሚያደርግ ሰው ጎንደር ድረስ መምጣት የለበትም። ራውተሩን ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ለማስተዳደር የሚያስችለው የውጭ በር ክፍት ከሆነ በዚያ ይገባል። ካልሆነም ስልክ ላይ የተከፈተ አንድ መጥፎ ገጽ ከውስጥ ሆኖ ለራውተሩ ትእዛዝ ሊልክ ይችላል። ብራዚል ውስጥ በ2011 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን በመሰለ መንገድ 4.5 ሚሊዮን ያህል የቤት ሞደሞች ዲኤንኤሳቸው ተቀይሮ ሰዎች ወደ ሐሰተኛ የባንክ ገጾች ተመርተዋል።

"እኛ ኢንተርኔቱን እንኳ በቅጡ ሳናገኝ ስለ ደህንነቱ ታወራለህ?" የሚለኝ ሰው አለ። ንዴቱ ይገባኛል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ መስመር የገባለት ቤት እንደ ቦኖ ውሃ ሆነ። ውጭ አገር ያለ ልጁን ድምፅ ለመስማት የመጣውን ጎረቤት ማን ይመልሳል? ፓስወርዱ ከቤት ቤት ዞረ። መዞሩም ልክ ነበር። ስለዚህ "ለማንም አታጋሩ" የሚለውን ምክር እኔ አልመክርም፤ እዚህ አገር አይሠራም። የሚሠራው ሌላ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች የእንግዳ መስመር መክፈቻ አላቸው። ጎረቤት በዚያ ይግባ። የቤቱ ስልክና ኮምፒውተር በሌላው ይቆይ። ሁለቱን የሚለየው ገጽ የሚከፈተው ግን መኖሩን ብዙ ሰው በማያውቀው በዚያ በሁለተኛው ፓስወርድ ነው።

የፋሲል ግቢ አጥር 12 በሮች አሉት። የዳኞቹ ወንበር በር አለ፣ የሙዚቀኞቹ እምቢልታ በር አለ። ማን በየት እንደሚገባ ይታወቅ ነበር። ራውተርም በሩ አንድ አይደለም፤ አንዱን ዘግተን ሌሎቹን የረሳነው እኛ ነን። ከተረሱት ሁሉ የሚከፋኝ ደብሊውፒኤስ የሚባለው ነው። ፓስወርድ መጻፍ ለሰለቸው ሰው ታስቦ የተሠራ፣ 8 አሃዝ ያለው የቁጥር ቁልፍ ነው። 8 አሃዝ ሲባል 100 ሚሊዮን ሙከራ የሚጠይቅ ይመስላል። ስቴፋን ቪቦክ የተባለ ተመራማሪ በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ያሳየው ግን ሌላ ነው። ራውተሩ የመጀመሪያዎቹ 4 አሃዞች ትክክል መሆን አለመሆናቸውን ለብቻ ይናገራል። ስለዚህ ለእነሱ 10,000 ሙከራ ይበቃል። ከቀሩት 4 አሃዞች የመጨረሻው ከሌሎቹ በስሌት የሚገኝ ነው፤ ለእነሱ ደግሞ 1,000 ሙከራ። በድምሩ 11,000 ብቻ! የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ የቱንም ያህል ቢረዝም በዚህ በኩል የገባ ያገኘዋል። የሰፈር ጎረምሶች ለዚሁ የሚሆን አፕ ስልካቸው ላይ ጭነው ሲዞሩ አይቻለሁ። ከማስተዳደሪያው ገጽ ገብቶ ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው።

ፒያሳና አራዳ ሱቅ ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ የምታዩት የሱቅ ካሜራም ያው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ኢንተርኔትን ያናጋው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። 60 ገደማ የዩዘርኔምና የፓስወርድ ጥንዶች ይዞ በየካሜራውና በየራውተሩ በር እየዞረ ይሞክራል። አድሚን፣ አድሚን አንዱ ነበር። ኦክቶበር 21 ቀን በዚህ መንገድ የተያዙ ዕቃዎች ለብዙ ገጾች የዲኤንኤስ ማውጫ የሚያቀርበውን ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት በጥያቄ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። ቢበዛ ኢንተርኔቱ ዘገየባቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የአክስቴ አይደለም። ሽቦውን የዘረጋው ልጅ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን አይቶ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ አስሞልቶ ወጣ። 5 ደቂቃ ቢቆይ ሁለተኛውንም ፓስወርድ አብሯቸው ይቀይር ነበር። እኔ የምለው ይህ ዕቃውን የሚገጥመው ባለሙያ ግዴታ ይሁን ነው። ፓስወርዱ ሳይቀየር፣ ደብሊውፒኤሱና የውጭ በሩ ሳይዘጋ "ሥራዬን ጨርሻለሁ" አይባል። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አድሚን፣ አድሚን ዓይነት ፓስወርድ ያለው፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። አምራቹም ለስንት ጊዜ አፕዴት እንደሚሰጥ መናገር አለበት። እኛም ጋ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም ዕቃዎችን ዓይነት መርምሮ ያጸድቃል። እነዚህን ሁለት ነገሮች መስፈርቱ ውስጥ ያስገባልን። ተራ ሸማች ካርቶኑን አይቶ ሊያውቃቸው አይችልም።

አክስቴን አዲሱን ፓስወርድ ራሳቸው እንዲመርጡት አደረግኩ። የማኅበር ተራቸውን በሚጽፉበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አሰፈሩት። ዲኤንኤሱን መለስኩት፤ የውርርዱ ገጽም ጠፋ።

ስወጣ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ በር ላይ ጠበቁኝ። "የእኔንም እይልኝ ልጄ።" ገባሁ። እሳቸው ሁለተኛውን ፓስወርድ ቀይረውታል፤ ደስ አለኝ። የሶፍትዌሩን ቀን ሳይ ግን 2015 እ.ኤ.አ. ይላል። አምራቹ ከዚያ ወዲህ አፕዴት አላወጣለትም። መዝጋት የሚቻለውን በር ሁሉ ዘጋሁላቸው።

"አሁን በቃ ማለት ነው?"

"አይበቃም ጋሼ። ዕቃው ራሱ አርጅቷል፤ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም።"

አዲስ ይግዙ ለማለት አፌ ተያዘ። የጡረታ ደመወዝ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። "የሸጠልኝ ልጅ ግን ይህን መቼ ነገረኝ" አሉ።