የኖርድሆልዝ ቃኚዎች፦ ጀርመን የባሕር ዓይኗን ለምን ደጋግማ ጨፈነች?

የጀርመን ባሕር ኃይል ካዘዛቸው ስምንት ፒ-8ኤ ፖሲደን የባሕር ቃኚ አውሮፕላኖች የመጀመሪያውን የተረከበው በ2025 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜናውን እንደ ተራ የጦር መሣሪያ ግዢ አንብቦ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አውሮፕላኖቹን የሚያበረው ክፍል፣ ማለትም በሰሜን ባሕር ዳርቻ ከኩክስሃፈን ከተማ ደቡብ በምትገኘው ኖርድሆልዝ የሰፈረው «ግራፍ ዜፔሊን» የተባለው 3ኛው የባሕር ኃይል የበረራ ክንፍ፣ ያለፈበትን መንገድ ሳላስብ ዜናውን ማንበብ አልቻልኩም። ይህ ታሪክ የሚነግረን የባሕር ኃይል አቪዬሽን ዋና ጥቅሙ ከመምታቱ ይልቅ በማየቱ ላይ መሆኑን፣ ጀርመንም ይህን በሚገባ እያወቀች ዓይኗን ደጋግማ በገዛ እጇ መጨፈኗን ነው።

ኖርድሆልዝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል የአየር መርከቦች ማለትም የዜፔሊኖች ማረፊያ ሆና የተመሠረተች ናት። ግዙፎቹን መርከቦች ነፋሱ ከየትም አቅጣጫ ቢነፍስ ያለ አደጋ አስገብቶ ለማስወጣት፣ ሙሉ በሙሉ የሚሽከረከር መጋዘን ተሠርቶላቸው ነበር። የዘመኑ ሰው የሚያስታውሳቸው በእንግሊዝ ከተሞች ላይ ቦምብ በመጣላቸው ነው፤ በወታደራዊ ሚዛን ግን ይበልጥ የጠቀሙት ከፍ ብለው የጠላትን መርከቦች እንቅስቃሴ ሲቃኙ ነበር። ነሐሴ 19 ቀን 1916 ኤል 13 የተባለው ዜፔሊን ቀለል ያሉ የእንግሊዝ መርከቦችን ከባድ የጦር መርከቦች አድርጎ በስሕተት ሪፖርት በማድረጉ፣ የጀርመን መርከቦች አዛዥ አድሚራል ሼር መላ ኃይሉን ወደዚያው አዞረ፤ በዚህም ከዋናው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ሳይገናኝ ቀረ። አንድ የተሳሳተ እይታ የአንድን ቀን ጦርነት አቅጣጫ ቀየረ ማለት ነው። እንግሊዞችም የእነዚህን ዓይኖች ዋጋ ስለሚያውቁ፣ ገና በ1914 የገና ዕለት ከመርከብ በተነሡ የባሕር አውሮፕላኖች መጋዘኖቹን ፈልገው ሊመቱ ሞክረዋል፤ ጉም ጋረዳቸው እንጂ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሄርማን ጎሪንግ የሚበር ነገር ሁሉ በእሱ አየር ኃይል ሥር እንዲሆን ስለፈለገ፣ ባሕር ኃይሉ የራሱ የሚለው የበረራ ክፍል አልነበረውም ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 1938 ውኃ ላይ የወረደችው «ግራፍ ዜፔሊን» የተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አንድም ቀን ለአገልግሎት ሳትበቃ ቀረች። ባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹ አትላንቲክ ላይ የጠላትን የንግድ መርከቦች ሲፈልጉ፣ ከላይ ሆኖ የሚመራቸውን ቃኚ አውሮፕላን ከሌላ መሥሪያ ቤት ይለምኑ ነበር። አውሮፕላኑ በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ምን ዓይነት አውሮፕላን ይገዛ ከሚለው ያላነሰ ክብደት እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

የምዕራብ ጀርመን ባሕር ኃይል ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲቋቋም ይህን ትምህርት ወስዶ የራሱን አቪዬሽን አደራጀ። የያጌልና የኤገቤክ ክንፎች መጀመሪያ ሲ ሆክ፣ ቀጥሎ ኤፍ-104 ስታርፋይተር፣ በመጨረሻም ቶርናዶ ተዋጊ ጄቶችን ይዘው፣ የዋርሶ ስምምነት አገሮች በባልቲክ ባሕር ጦር ለማሳረፍ ቢሞክሩ መርከቦቻቸውን እንዲመቱ ተመደቡ። ስለ ስታርፋይተር ብዙ ተጽፏል፤ ጀርመን ከገዛቻቸው 916 ያህሉ ውስጥ 292ቱ ተከስክሰው 116 አብራሪዎች መሞታቸው ብቻ ይበቃል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የያጌሉ ክንፍ በ1993፣ የኤገቤኩ በ2005 ተዘጉ፤ ባሕር ኃይሉም ከዚያ ወዲህ ተዋጊ ጄት የለውም። የመቺዎቹ ዘመን አለፈ፤ የቃኚዎቹ ግን ቀጠለ።

በ1964 የተቋቋመው 3ኛው ክንፍ ለአርባ ዓመት ያህል የኖረው በብሬጌ አትላንቲክ ነው። በሁለት ተርቦፕሮፕ ሞተሮች የሚበረው ይህ አውሮፕላን አሥራ ሁለት ሠራተኞችን ይዞ ከግማሽ ቀን በላይ ባሕር ላይ ይቆያል። ሥራው ለተመልካች አሰልቺ ነው። ሠራተኞቹ ወደ ውኃው የሚጥሏቸው ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ማዳመጫቸውን ወደ ጥልቁ ያወርዱና የሰሙትን በሬዲዮ ወደ ላይ ይልካሉ፤ ከጭራው የወጣው ረጅም ዘንግ ደግሞ የብረት አካል በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ላይ የሚፈጥረውን ጥቃቅን መዛባት ይለካል። ባልቲክ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ውኃውም የጨውና የሙቀት መጠኑ በየንብርብሩ የሚለያይ ባሕር በመሆኑ፣ ድምፅ እየታጠፈ አዳማጩን ያታልለዋል። ስለዚህ እዚያ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚያድን ባለሙያ በጥቂት ወራት ሥልጠና አይገኝም፤ ችሎታው ከጆሮ ወደ ጆሮ፣ ከነባር ወደ አዲስ በዓመታት የሚወረስ ነው። ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ክንፉ የጀርመንን ሕገ መንግሥታዊ ታሪክ የነካበት አጋጣሚም አለ። ዩጎዝላቪያ ስትፈራርስ፣ አትላንቲኮቹ ከ1992 ጀምሮ በሰርዲኒያ ደሴት ካለው የኤልማስ ጣቢያ እየተነሡ በአድሪያቲክ ባሕር የተጣለውን ማዕቀብ ይቆጣጠሩ ነበር። ፓርላማው ያልፈቀደው ጦር ከአገር ውጭ መሰማራት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር ካርልስሩሄ ወደሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 1994፣ የአድሪያቲኩን ስምሪት ከሶማሊያው ጋር አንድ ላይ መርምሮ፣ የታጠቀ ጦር ለማሰማራት በመርሕ ደረጃ የቡንደስታግ፣ ማለትም የጀርመን ፓርላማ፣ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል ሲል ወሰነ። ዛሬ ማንኛውም የጀርመን ወታደር ለግዳጅ ወደ ውጭ ሲላክ ፓርላማ የሚቀርበው ሰነድ ሥሩ ይህ ውሳኔ ነው።

ወደ እኛ ቀጠና የመጣውም ይኸው ክንፍ ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ አትላንቲኮቹ በ2002 ሞምባሳ ላይ ሰፍረው የአፍሪቃ ቀንድን ባሕር ቃኙ። ከኔዘርላንድስ የተገዙት ስምንት ፒ-3ሲ ኦሪዮኖች ከ2006 ጀምሮ ቦታቸውን ሲተኩ ደግሞ፣ በ2008 መጨረሻ ለተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የአታላንታ ዘመቻ በጅቡቲ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ እየተፈራረቁ ከሶማሊያ የሚነሡ የባሕር ላይ ወንበዴዎችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ዘመቻው የዓለም ምግብ ፕሮግራምን መርከቦች ማጀብ አንዱ ተግባሩ ነበር። ከ90 በመቶ በላይ የውጭ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ለሚያልፍ ኢትዮጵያ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በላይ የሚበር ቃኚ የሩቅ ሰው ጉዳይ እንዳልነበረ መናገር ይቻላል። የወንበዴዎቹ ጀልባ ትንሽ፣ ባሕሩ ደግሞ ሰፊ ነው፤ የጦር መርከብ ብቻውን የሚያየው እስከ አድማሱ ድረስ ነው። ጀርመን በዘመቻው የነበራት ተሳትፎ በ2022 አብቅቷል።

በአገር ቤት ደግሞ ብዙም የማይወራለት ሥራ አለ። የክንፉ ዶርኒየር አውሮፕላኖች በሰሜን ባሕርና በባልቲክ ላይ እየበረሩ፣ በጨለማ ዘይት ደፍተው የሚሸሹ መርከቦችን በራዳርና በሙቀት መለያ መሣሪያ ይይዛሉ። በግሌ፣ ከክንፉ ሥራዎች ሁሉ ለግብር ከፋዩ በቀጥታ የሚታየው ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ኦሪዮኖቹ ሲገዙም አሮጌ ስለነበሩ፣ ክንፋቸውንና የውስጥ መሣሪያቸውን የማደስ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2020 ወጪውንና የቴክኒክ ችግሩን ጠቅሶ ፕሮግራሙን ሰረዘው። መሰረዙ በራሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ አካል ላይ ገንዘብ ማፍሰስ መጨረሻ የለውም። ስሕተቱ ተተኪው ሳይያዝ መሰረዙ ላይ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ቡንደስታግ አምስት ፖሲደኖችን የፈቀደው በ2021፣ ሦስት የተጨመሩት በ2023 ነው። በመካከሉ በመስከረም 2022 የኖርድ ስትሪም ጋዝ ቧንቧዎች በባልቲክ ወለል ላይ ፈነዱ፤ በኅዳር 2024 ፊንላንድን ከሮስቶክ ጋር የሚያገናኘው የመረጃ ገመድ ተበጠሰ። በዚሁ ጊዜ ስድስት ኦሪዮኖች ከመለዋወጫቸው ጋር በ45 ሚሊዮን ዩሮ ለፖርቱጋል ተሸጡ።

የሽግግሩ ተሟጋቾች፣ ፖሲደን በቦይንግ 737 አካል ላይ የተሠራ ፈጣንና ዘመናዊ አውሮፕላን በመሆኑ መዘግየቱን ይክሳል ይላሉ። ስለ አውሮፕላኑ አልከራከርም። ነገር ግን ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአዳማጮቹ ችሎታ ከፋብሪካ አይታዘዝም። አሮጌው አውሮፕላን ሲሸጥና አዲሱ ሲጠበቅ በሚያልፉት ዓመታት፣ ነባሩ ባለሙያ ወጣቱን ባሕር ላይ የሚያስተምርበት የበረራ ሰዓት ይቀንሳል፤ ይህ ጉድለት በበጀት ሰነድ ላይ ስለማይጻፍ ማንም አይጠየቅበትም። ስለዚህ ጀርመን ቀሪዎቹን ፖሲደኖች እየተረከበች ሳለ፣ ቡንደስታግ ሊቆጥር የሚገባው የአውሮፕላኖቹን ብዛት ሳይሆን ለተልዕኮ የበቁ ሠራተኞችን ቁጥር ነው ባይ ነኝ።

የተሻለው እርምጃ ደግሞ ካልተጠበቀ ቦታ የመጣ ይመስላል። በጥቅምት 2024 ጀርመንና ብሪታንያ በተፈራረሙት የመከላከያ ስምምነት መሠረት፣ የጀርመን ፖሲደኖች በየጊዜው ስኮትላንድ በሚገኘው የሎሲማውዝ ጣቢያ እየሰፈሩ ሰሜን አትላንቲክን ከብሪታንያ አቻዎቻቸው ጋር አብረው ይቃኛሉ። ብሪታንያ ተመሳሳይ ዘጠኝ አውሮፕላኖች፣ ኖርዌይ ደግሞ አምስት ስላሏት፣ የጀርመን ወጣት አዳማጮች የጎደላቸውን ልምድ ከእነሱ ጋር ተቀምጠው ሊያገኙ ይችላሉ። ነገሩ የታሪክ ምጸት አለበት፦ በጥር 1915 ዜፔሊኖች ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝን ለመደብደብ ሲነሡ፣ ኤል 6 የወጣው ከዚያችው ከኖርድሆልዝ ነበር፤ የአየር መርከቦቹ አዛዥ ፔተር ሽትራሰር ተሳፍሮበት ሳለ ሞተሩ ተበላሽቶ ከመንገድ ተመለሰ።