ትሑቱ ሜትር

ባለፈው እሑድ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር መናፈሻ ተነሥቼ በሐይቁ ዳርቻ ሳዘግም መንገዱ አንድ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ሥር ገብቶ ጠፋብኝ። የሐዋሳ ሰው ስሜቱን ያውቀዋልና አላብራራም። እኔ ያሰብሁት ግን ስለ አጥሩ ባለቤት ሳይሆን፣ ያንን አጥር አስቀድሞ በወረቀት ላይ ስላጠረው የፕላን ባለሙያ ነው፤ ምስጋናው የሚገባው ለእርሱ ነውና።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው ዋና ፕላን፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ትሑቱ ባለሙያችን ግን ከሰኞ ጧት እስከ ዓርቡ ስልክ ድረስ ካገለገለ በቂው ነው ብሎ ያምናል። ስልኩ ሲዘጋ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ የነበረው ቦታ «ቅይጥ አገልግሎት» ሆኗል፤ ሕሊናም እንዳይጎረብጠው «ጥቃቅን ማሻሻያ» የሚል የክርስትና ስም ይወጣለታል።

ከሁሉ የማደንቀው አለካኩን ነው። ከሐይቁ ዳር የተወሰነ ርቀት ነጻ ይሁን መባሉን አንድም ቀን አልካደም፤ የጠየቀው «ዳሩ የቱ ነው?» ብቻ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የጥቁር ውሃ ወንዝና ዝናቡ ሲያይሉበት ይሞላል፣ ፀሐዩ ሲበረታ ይሸሻል። ስለዚህ ሜትሩ የተዘረጋው በየካቲት፣ ውሃው በሸሸበት ቀን ነው። ሜትር ያዡ ሱሪውን ሰብስቦ ቄጠማው መሀል ገባ፤ «ትንሽ ግባ» ተባለ፣ ገባ፤ «አሁንም ትንሽ» ተባለ፣ ውሃው ወገቡ ደረሰ፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ መቅዘፋቸውን ትተው ይመለከቱት ጀመር፤ ዜሮው ከአገጩ ሥር ሲያዝ ርቀቱ ከአጥሩ ጋር በሴንቲሜትር ገጠመ። ከክረምቱ በኋላ ሐይቁ ወደ ቦታው ሲመለስ ችካሉን አልፎ በመገኘቱ ሕገ ወጥ ሰፋሪ ሆነ። ንብረቱን፣ ማለትም ቆሮሶውንና አምባዛውን፣ ሰብስቦ በ15 ቀን ውስጥ እንዲነሣ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍለት አልደነቅም፤ ጉማሬዎቹም ነባር ይዞታ ነን ካሉ ካርታ ያቅርቡ።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ይኸው እጅ በከተማው ሌላ ጫፍ ጠላ ሸጠው ለሚያድሩ አንዲት እናት «መንገዱ በቤትዎ ላይ ያልፋል፤ የፕላን መስመር አይታጠፍም» ብሎ ፈርሟል። ለባለ አጥሩ እንደ ጎማ የተለጠጠው መስመር ለእርሳቸው ብረት ሆነ። ይህን «የሙያ አጣብቂኝ» ብሎ ማቆላመጥ ነውር ነው። «ልጆች አሉብኝ፤ እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርማል» ይሉናል። የእኒያ እናትስ ልጆች የማን ናቸው?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ፕላኑ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት የተባለውም ተፈጽሟል፤ የቢሮው በር ሲከፈት በሚሸፈነው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። በሩ ደግሞ ባለጉዳይን በማክበር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

ከአጥሩ ተመልሼ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳራግፍ፣ እሑድን እንኳ የማያርፍ አንድ ወጣት የሜትር ጥቅል ይዞ ከኋላዬ መጣና በታላቅ አክብሮት፣

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ዜሮው ላይ ቆመዋል» አለኝ።

ወደ የት ፈቀቅ እንድል ብጠይቀው በአገጩ ወደ ሐይቁ አመለከተኝ።