የታሪክ መምህር ሲቀጠር እዚህና አገር ቤት

እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የአፍሪካ ታሪክ ፕሮፌሰር በቋሚነት ለመቅጠር ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ መስከረም ጥቅምት ላይ ይወጣል፣ የተመረጠው ሰው ስራ የሚጀምረው በቀጣዩ ዓመት ነው፣ መሀል ላይ ኮሚቴው ያነባል። ሲቪውን፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውየው የጻፈውን ምዕራፍ። ከዛ በዙም ያናግራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሶስት ሰው ገደማ ካምፓስ ይጠራሉ።

እኔ የምወደው ጆብ ቶክ የሚሉትን፣ እጩው ካምፓስ መጥቶ ስለ ምርምሩ ገለጻ የሚያደርግበትን ነው፣ ክፍት ከሆነ ገብቼ አዳምጣለሁ። አንዷ እጩ ስለ ቀይ ባህር ንግድ አቅርባ ስትጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ሰነዱን የጻፉት የጉምሩክ ሰዎች ናቸው፣ ነጋዴዎቹ ያሉትን ከየት አገኘሽው?" አላት። ስላይዱን ወደ ኋላ መልሳ የአንድ ነጋዴ አቤቱታ አሳየች፣ የሌሎቹን ግን እንዳላገኘች ሳትደብቅ ተናገረች። ተማሪዎቹም ስለሷ ያላቸውን አስተያየት ጽፈው ለኮሚቴው ሰጡ። አስተያየት የሰጡት ነገ የምታስተምራቸው ልጆች ናቸው!

አገር ቤት አንድ የማውቀው ልጅ ለሌክቸረርነት ሲወዳደር ጂፒኤው ታየ፣ የጽሁፍ ፈተና ተፈተነ፣ አጭር ኢንተርቪው ተደረገለት አለቀ፣ ቴሲስህን እስቲ አምጣው ያለው ሰው የለም። የታሪክ ሰው ስራው እኮ ጽሁፉ ነው፣ እሱ ሳይነበብ ምን ታይቶ ነው የሚቀጠረው?

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትምህርት ክፍል ተመራቂው ሲኒየር ኤሴይ የሚባል የመመረቂያ ጽሁፍ ይሰራ ነበር፣ ብዙዎቹ የየአካባቢያቸውን ሽማግሌ እየጠየቁ የጻፉት ነው፣ እስከዛሬ ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። ለረዳትነት የሚያስቀሩትን ልጅ ስራ መምህራኑ ራሳቸው አርመውታል ማለት ነው። ከዛ ግን በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በደብዳቤ ተባረሩ፣ በኋላም 70/30 በሚባለው ፖሊሲ አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተመደበ፣ ታሪክ የመሳሰሉት ትምህርቶች ተገፉ።

እዚህም ሁሉም ደህና ነው አልልም። ለአንድ ቦታ የሚያመለክተው ዶክተር ብዛት ያሳዝናል፣ ያልተሳካለት ብዙ ሰው በኮርስ እየተከፈለው ያለ ኢንሹራንስ ሲንከራተት ነው የሚኖረው። እኔ እንዲወሰድ የምፈልገው ንባቡና ጆብ ቶኩ ብቻ ነው።

አሁን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ሆኗል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከየክልሉ የመጣ ልጅ ቁጭ ብሎ "ይሄን ማን ጻፈው፣ በምን አወቀ?" ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ መመለስ መቻሉ ከመቀጠሩ በፊት ተማሪ ፊት ቆሞ ቢታይ ምናለበት? የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ለዘንድሮ ቅጥር አንድ አዳራሽና ሁለት ሰዓት መድቦ ይሄን ማድረግ የሚከለክል መመሪያ አለ እንዴ? ካለ ንገሩኝ።