ከ«ይደረጋል» ወደ «ተደርጓል»

ምርምር ያደክማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠጉር ያሸብታል ሲባል የኖረው ሁሉ ሐሜት ሆኖ ተገኝቷል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያስረከቡት ተመራቂያችን ከዚህ ጣጣ ገላግለውናል። ሌላው አጥኚ አንድ ጥያቄ አንጠልጥሎ መልስ ሲያሳድድ ይከርማል፤ እሳቸው መልሱን አስቀድመው አደላድለው ያስቀምጡና ጥያቄው መጥቶ እንዲገጥም ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይመሰገን ቢቀር ግፍ ነው።

ጥበቡ ከርእስ ይጀምራል። «የሀ ተጽዕኖ በለ ላይ፤ በመ የተካሄደ ጥናት» የምትል አንዲት ቅርጽ አለቻቸው። በሀ ቦታ ሥልጠና፣ ደመወዝ፣ የአመራር ዘይቤ ወይም የሥራ አካባቢ ይገባል። በለ ቦታ የሠራተኞች አፈጻጸም፣ እርካታ ወይም ታማኝነት። መ ደግሞ ብዙ ደጅ ሳይጠና የሚገባበት መሥሪያ ቤት ነው። አራት ምክንያት፣ ሦስት ውጤትና አሥር መሥሪያ ቤት ያለው ሰው 120 የመመረቂያ ጽሑፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። (የቀድሞው ጽሑፍ በሆስፒታል፣ የአሁኑ በባንክ የተሠራ እንደሆነ ገጽ 47 ላይ «የቅርንጫፉ ነርሶች» የሚል ሐረግ ብቅ ቢል አይግረማችሁ። ባንኩ ለጤና የሰጠውን ትኩረት ያሳያል።)

«የምርምር ክፍተት» የሚባለው ነገር ስንቱን ተማሪ እንዳላስለቀሰ፣ ለእሳቸው የአንድ መስመር ሥራ ነው፦ «በርእሱ ላይ በርካታ ጥናቶች ቢደረጉም በዚህ መሥሪያ ቤት ግን አልተደረገም።» ማን ይከራከራል? እውነት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅም አልተደረገም፤ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍልም አልተደረገም። በዚህ አያያዝ ክፍተት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። «ቦታው ስለተቀየረ ውጤቱ ይለወጣል ብለው የጠረጠሩት ለምንድን ነው? ቀደምት ጥናቶች የማይስማሙት በምን ላይ ነው?» የሚል ፈታኝ ከመጣ ነገረኛ ነውና ቡና ወይም ሻይ ይቅረብለት።

ቀጥሎ ሥዕል አለ። በግራ አራት የምክንያት ሳጥን፣ በቀኝ አንድ የውጤት ሳጥን፣ በመካከላቸው አራት ቀስት። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ያያሉ። ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆነ ነው ለሥልጠና የተመረጠው፣ ደመወዙም ያደገው በዚያው ነው የሚል ሰው አንዱን ቀስት ወደ ግራ ሊያዞረው ይችል ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ይበላሻል።

የናሙናው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ተመራቂያችን ሒሳብ ያውቃሉ። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመ የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ያሰፈራት፣ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የምታሰላ ቀመር በቃላቸው አለች፤ የአገር ልጅ ትምሰል ብለው «የማነ» እያሉ የሚጽፏትም ሞልተዋል። የሠራተኛው ብዛት 1,200 ነው እንበል። 1,200ን በሚፈቀደው ስሕተት በ0.05 ካሬ፣ ማለትም በ0.0025 ሲያባዙት 3 ይሆናል። አንድ ሲደመርበት 4። 1,200 ለ4 ሲካፈል 300። አለቀ፣ ደቀቀ። ቀመሯ የምታገለግለው አንድን መቶኛ ለመገመት እንደሆነ፣ ያ መቶኛ 50 ነው ብላ እንደምትነሳ፣ ሰዎቹም በዕጣ እንደሚመረጡ አምና እንደምታሰላ፣ ሕዝቡ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ በ0.05 ስሕተት ከ400 እንደማታልፍ ማወቅ አያስፈልግም። ተመራቂያችን የሚሠሩት ሪግረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምክንያት በውጤቱ ላይ ያለውን ድርሻ የሚያሰላ ትንተና ነው፤ የሪግረሽን ናሙና ደግሞ በተለዋዋጮቹ ብዛትና በሚጠበቀው ተጽዕኖ ልክ ይሰላል የሚል ነገር አለ። ይኑር። ሌሎች ደግሞ የኮክራንን ቀመር መርጠው 384 ይላሉ። ስሌቱ በትክክል ሲሠራ 384.16 ስለሚሰጥ ወደ 385 ከፍ ማለት ነበረበት፤ ያቺን 0.16 ሰው ግን የሚፈልጋት የለም።

ከዚያ በኋላ በጽሑፉ ላይ «ናሙናው በቀላል የዕጣ ዘዴ ተመርጧል» ተብሎ ይጻፋል። በተግባር 300 መጠይቅ በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያ ለሚሠራ አንድ ወዳጅ ይሰጣል። ወዳጅ ለጠረጴዛ ጎረቤቶቹ ያድላል፤ የተረፈውን ከምሳ በኋላ ኮሪደር ላይ ያገኛቸውን ያስሞላል። መስክ የወጣው፣ ፈቃድ ላይ ያለው፣ ሌሊት ፈረቃ የሚገባው፣ ባለፈው ወር ተማርሮ የለቀቀው አልተጠየቀም። ስለ ሥራ እርካታ በተጻፈ ጥናት ውስጥ እርካታ የሌላቸው ሰዎች በሙሉ በአጋጣሚ ቢሮ አልነበሩም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ምቀኞች። ግን 300 ተበትኖ 291 ተመልሷል፤ 97 በመቶ! በዓለም ላይ ያሉ የናሙና ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ በቅናት ይሞታሉ።

መጠይቁ ራሱ ሌላ ድንቅ ነው። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ካስተዋወቀው የመለኪያ ዘዴ አምስቱ ሳጥን ተወስዷል፦ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። አርባ ዓረፍተ ነገር ተደርድሯል። መላሹ አሥረኛው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ከዚያ ወዲያ አራተኛው ሳጥን ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ያሰምራል። አለቃው ምን ያህል እንደሚደግፈውና እሱ ራሱ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ያው ሰው፣ በያው እስክሪብቶ፣ በያው ስሜት ይሞላል። በደህና ቀን የሞላው ሁሉንም ከፍ ያደርጋል፤ ያኮረፈው ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ሲጠየቅ «በአመራርና በአፈጻጸም መካከል ጠንካራ ዝምድና አለ» ይላል። ዝምድናውስ አለ፤ በመላሹ የዕለቱ ስሜትና በዚያው በዕለቱ ስሜት መካከል። አፈጻጸሙን ከአለቃው ምዘና ወይም ከሥራ መዝገብ መውሰድ ይቻል ነበር፤ ያ ግን ከመዝገብ ቤት ሰዎች ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

አስተማማኝነቱን የሚጠራጠር ካለ ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው አልፋ፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር፣ ይጠራል። ከ0.7 በላይ ከሆነ አፍ ያዘጋል። ይህን ቁጥር የማሳደጊያው ምሥጢር ቀላል ስለሆነ ለሕዝብ ቢገለጥ ጉዳት የለውም። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ያላቸው አማካይ ዝምድና 0.2 ብቻ፣ ማለትም ለስሙ ያህል ቢሆን፣ በ5 ጥያቄ አልፋው 0.56 ገደማ ነው። ጥያቄዎቹን 10 ሲያደርጓቸው 0.71፤ 20 ሲያደርጓቸው 0.83 ይደርሳል። ስለዚህ «አለቃዬ ያበረታታኛል»፣ «አለቃዬ ያደፋፍረኛል»፣ «አለቃዬ ያነቃቃኛል» እያሉ መቀጠል ነው። ጥያቄዎቹ ለመለካት የታሰበውን ነገር መለካታቸውን አልፋ አይናገርም፤ ማንም ስላልጠየቀው ነው። አንዳንዴ ብልህ መጠይቅ አዘጋጅ መላሹ ማንበቡን ለማረጋገጥ «አለቃዬ ያዋርደኛል» የሚል ተቃራኒ ጥያቄ ጣል ያደርጋል። የዚያን ነጥብ ከስሌቱ በፊት መገልበጥ ያስፈልጋል፣ 5ቱ 1፣ 4ቱ 2 እንዲሆን። ካልተገለበጠ አልፋው ያሽቆለቁላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ተመራቂያችን ለዚህ የዘየዱት መላ ከሁሉ ይልቃል፦ ጥያቄውን ሰርዘውታል።

ክለሳ ድርሳናቱ እንደ ስም ጥሪ ነው። እገሌ (2011) እንዲህ አለ። እገሊት (2014) እንዲህ አለች። እነ እገሌ (2016) ተስማሙ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ማንን እንዳረመ አይነገርም፤ ሰው ማጣላት ነውር ነው። ምንጮቹን ማንበብም እንደዚያው። ሚካሂል ሲምኪንና ቩዋኒ ሮይቾውድሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ነገር አሳይተዋል፦ ዋቢ ላይ የተሳሳተች የገጽ ቁጥር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሳትታረም እንደ ውርስ ትተላለፋለች። ከዚያ ተነስተው ዋናውን ጽሑፍ የሚያነበው ከአምስት ጠቃሽ አንዱ ገደማ ነው ብለው ገመቱ። ተመራቂያችን ከቀሩት አራቱ ወገን ናቸው፤ ከብዙኃኑ መለየት አይወዱም። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዋቢው ማንበብ ቀርቶ መታተምም አላስፈለገውም። ደራሲው አለ፣ መጽሔቱ አለ፣ ዓመቱ አለ፤ ጽሑፉ ብቻ ነው የሌለው።

ተርኒቲን የሚባለው የተቀዳ ጽሑፍ አጣሪ ሲመጣ ትንሽ ድንጋጤ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው በዋናነት የሚያየው የቃላትን መመሳሰል ነው፤ ሐሳብ ቢሰረቅ አይሸተውም። ስለዚህ አልሸሹም ዞር አሉ። ቃሉን በተመሳሳይ ቃል የሚተካ ሶፍትዌር አለ፤ አንቀጹን ፎቶ አንስቶ እንደ ሥዕል መለጠፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ በታተሙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ውስጥ የዚህን ፍሬ ለቅመው አሳዩ። የእንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ብናወርደው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የነበረው «ሐሰተኛ ንቃተ ኅሊና» ሆኗል። በዚሁ ዘይቤ «የጡት ካንሰር» «የደረት አደጋ» የሆነበትም አለ። ቋንቋን እንዲህ የሚያበለጽግ ገጣሚ ከየት ይገኛል?

ምዕራፍ አራት ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች የታሰበ ነው። ሰንጠረዡ 58 በመቶ ወንድ፣ 42 በመቶ ሴት ይላል። ከሥሩ «ከሰንጠረዥ 4.1 መረዳት እንደሚቻለው 58 በመቶዎቹ ወንዶች ሲሆኑ 42 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ክብ ሥዕል ይጨመርና እንደገና 58 እና 42 ይላል። ጾታ በጥናቱ ጥያቄ ውስጥ የለም፤ ግን አንድ ገጽ ተኩል ሸፍኗል። ቀጥሎ 20 ዝምድና በ0.05 ይፈተሻል፤ ማለትም የሌለውን ዝምድና አለ ብሎ የመሳሳት ዕድሉ ለእያንዳንዱ ፈተና 5 በመቶ ነው። በእውነታው አንዳች ነገር ባይኖር እንኳ፣ ፈተናዎቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። የወጣው አንዱ ማጠቃለያው ውስጥ ይገባል። 19ኙ ዝም ይባላሉ።

አማካሪውን በተመለከተ ተመራቂያችን አክባሪ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት አያስቸግሩትም። በመጨረሻው ሳምንት 96 ገጽ ይላክለታል። እሱም እንቅልፉን አጥቶ በዎርድ ማረሚያው እየጨመረ እየሰረዘ ይመልሰዋል። ተመራቂያችን «ሁሉንም ለውጥ ተቀበል» የሚለውን አንዴ ይነካሉ። በዚህም አማካሪው ዓረፍተ ነገሩ መካከል የከተተው «ይህ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ የጽሑፉ አካል ሆኖ ይጠረዛል። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ እውነተኛው የምርምር ጥያቄ እሱ ነው።

ዲፌንሱ፣ ማለትም ጽሑፉን በፈታኞች ፊት መከላከሉ፣ አጭር ነው፦ 15 ደቂቃ፣ 45 ስላይድ፣ ከ15ቱ ደቂቃ 12ቱ በጥናቱ ዳራ። ውጤቱ ላይ ሲደርሱ «ሰዓት አልቋል» ይባላል፤ ሁሉም ወገን እፎይ ይላል። ፈታኞቹ «በጥቃቅን እርማት አልፏል» ብለው ይፈርማሉ። ከእርማቶቹ አንዷ የታወቀችው ናት፦ ከፕሮፖዛሉ የተገለበጠው ምዕራፍ ሦስት አሁንም ወደፊት ነው የሚናገረው፤ «መጠይቅ እንዲሞላ ይደረጋል»፣ «ትንተና ይደረጋል» ይላልና ወደ ኃላፊ ጊዜ ይለወጥ።

ተመራቂያችን ምዕራፍ ሦስትን ቁጭ ብለው አያነቡም። «ይደረጋል»ን ፈልጎ በ«ተደርጓል» መተካት፣ «ሁሉንም» የሚለውን መጫን፣ አራት ሰከንድ። መጠይቅ እንዲሞላ ተደርጓል። ትንተና ተደርጓል። ትእዛዙ ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ አልቆመም፤ ምዕራፍ አምስት ገብቶ «የሥልጠና በጀት እንዲጨምር ይደረጋል» የሚለውን ምክረ ሐሳብ አገኘ። በወርቃማ ፊደል ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠው ቅጂ ገጽ 89 ላይ በጀቱ እንዲጨምር ተደርጓል። ሠራተኛው አልሰማም እንጂ ሥልጠናውም እንዲሰጥ ተደርጓል፣ የአመራሩ ዘይቤም እንዲሻሻል ተደርጓል፣ በዚህ ርእስ ላይ ተጨማሪ ጥናትም እንዲካሄድ ተደርጓል።